አሮጌው የጀልባ ተሳቢ እንዴት ጋሪ ሆነ

በጣና ሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ጀልባ ብርቃችን አይደለም። አባቶቻችን የሚሠሯት ጀልባ ታንኳ ትባላለች። የምትሠራውም በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ታንኳ ቀላል ናት። ከውኃ ስትወጣ ሰዎች ተጋግዘው ያነሷታል፤ በፀሐይም ያደርቋታል። ስለዚህ ታንኳ ጎማ አያስፈልጋትም።

የሞተር ጀልባ ግን ከባድ ነው። በሰው ትከሻ አይነሣም። ከውኃ ለማውጣትና ከቦታ ወደ ቦታ ለመውሰድ፣ በመኪና የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ያስፈልገዋል።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ እንዲህ ያለ አሮጌ ተሳቢ ነው። ጀልባው ተሰብሮ ተጣለ። ተሳቢው ግን ሣር ውጦት ብዙ ዓመት ቆመ። እኛ ስድስት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን ገዛነውና የእንስሳ ጋሪ አደረግነው። መጀመሪያ ላይ ተሳስተን ነበር። በስሕተታችንም አንዲት አህያ ልትሞትብን ነበር። የተሳሳትንበትን ነገር ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ከሌላው ሰው ስሕተት መማር ከራስ ስሕተት ከመማር ይረክሳልና።

ጋሪ ለምን አስፈለገን?

መንደራችን ያለችው በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ከመንደራችን እስከ አስፋልቱ 7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በበጋ መንገዱ ደረቅና ለጥ ያለ ነው። በክረምት ግን ጥቁሩ አፈር ጭቃ ይሆናል፤ ውኃም ይተኛበታል።

አንዲት አህያ ሳትጎዳ በጀርባዋ መሸከም የምትችለው ከ40 እስከ 50 ኪሎ ነው። ሁለት ኩንታል ሩዝ ገበያ ለማውጣት ቢያንስ አራት አህዮች ያስፈልጋሉ። አራት አህያ ያለው ሰው ደግሞ በመንደራችን የለም። ስለዚህ አንዱ ገበሬ ከሌላው ይለምናል፤ ወይም ያችኑ አንዲት አህያ ከአቅሟ በላይ ይጭናታል። የጀርባዋ ቁስል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ውኃም እንደዚሁ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስትሞላ 20 ኪሎ መሆኗ ነው። ይህን በጀርባቸው አዝለው የሚመላለሱት ሴቶቻችንና ልጆቻችን ናቸው።

ይህን ሁሉ ለምደነው ነበር። ጋሪ እንድንፈልግ ያደረገን ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ዓመት ኅዳር ወር፣ ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ሳለ፣ አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ እስከ አስፋልቱ ይመጣል፤ እስከ ደጃችን ግን አይደርስም። ቃሬዛ በደንብ ለመሸከም እየተፈራረቁ የሚይዙ ስምንት ሰዎች ያሻሉ። የተገኙት አራት ብቻ ነበሩ። እያረፉ፣ እየተነሡ፣ ሲመሽ አስፋልቱ ላይ ደረሱ። እናቲቱ ዳነች። ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

የጋሪ ነገር የተነሣው ለማጽናናት በተሰበሰብንበት ቀን ነው። “ሜዳ ላይ እየኖርን፣ አህያ እያለን፣ ሰው በትከሻ?” አሉ አንድ ሽማግሌ። መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም።

የተሳቢው ክፍሎች

ተሳቢውን ከመግዛታችን በፊት ምን ምን እንዳለው ተመለከትን። ስማቸውን ማወቅ ስለሚጠቅም እንዘርዝራቸው።

አንደኛው ሻንሲው ነው። ሻንሲ ማለት ሌላው ነገር ሁሉ የሚያርፍበት የብረት አጥንት ነው። የጀልባ ተሳቢ ሻንሲ ከኋላው ሰፋ፣ ከፊቱ ሾጠጥ ያለ ነው። የጀልባው አፍንጫ ስለሚሾል ነው እንዲህ የሆነው።

ሁለተኛው አክስሉ ነው። አክስል ሁለቱን ጎማዎች ግራና ቀኝ የሚይዝ ወፍራም አግዳሚ ብረት ነው።

ሦስተኛው ባሌስትራው ነው። ባሌስትራ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለ፣ እንደ ደጋን የጎበጠ ብረት ነው። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ እሱ ይለጠጥና ንዝረቱን ይቀንሳል።

አራተኛው ጎማው ከነቸርኬው ነው። በጎማው መሐል ኩሽኔታ አለ። ኩሽኔታ ማለት ትናንሽ የብረት ኳሶች ወይም ድብልብል ብረቶች የተደረደሩበት ቀለበት ነው። ጎማው ያለ ችግር የሚዞረው በእሱ ነው።

ከእነዚህ ሌላ የጀልባው ሆድ የሚንከባለልባቸው የላስቲክ ጥቅልሎችና ጀልባውን ደግፈው የሚይዙ ብረቶች ነበሩ። እነዚህ ለጋሪ አይጠቅሙም። ፈታን አወጣናቸው።

ሳይገዙ በፊት መመርመር

አሮጌ ብረት ሁሉ ጥሩ ብረት አይደለም። በተለይ የጀልባ ተሳቢ ውኃ ውስጥ እየገባ የሚወጣ ዕቃ ስለሆነ ዝገት ያጠቃዋል። ስለዚህ መዶሻ ይዘን ሄድን። ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልን መታነው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ዝገት የበላው ብረት ድምፁ የታፈነ ነው፤ አንዳንዴም ቅርፊቱ ይረግፋል። አንድ አግዳሚ ብረት በልቶት ስለ ነበር በሌላ ለወጥነው።

ቀጥለን ከኋላ ቆመን ሁለቱን ጎማዎች አየን። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ አክስሉ ደኅና ነው። አንዱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ አክስሉ ሳይጎብጥ አልቀረም።

በመጨረሻም ሻጩን በምስክር ፊት አስፈርመን የሽያጭ ወረቀት ያዝን። አንድ ሰው ነገ መጥቶ “ተሳቢው የኔ ነው” ቢል፣ የሚመልስልን ቃል ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

ኩሽኔታውን ማጽዳት

ብዙ ሰው ጎማው ነፋስ ከያዘ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ኩሽኔታው የዛገ ጋሪ ለአህያ ድንጋይ እንደ መጎተት ነው።

ተሳቢውን በክሪክ አነሣንና ጎማውን በእጃችን አሽከረከርነው። እየተንገጫገጨ ጮኸ። የጎማውን ላይና ታች ይዘን ስንነቀንቀውም ተወዛወዘ። ይህ ኩሽኔታው እንደ ታመመ ያሳያል። ፈታነውና በላምባ አጠብነው። በውስጡ ውኃ ገብቶ ኖሯል፤ ብረቱ ፈንጣጣ እንደ ወጣበት ፊት ተቦርቡሯል። እንዲህ ያለው ኩሽኔታ በማጠብ አይድንም። ስለዚህ ሁለቱንም ጎማዎች በአዲስ ኩሽኔታ ቀየርን።

አዲሱን ኩሽኔታ ስንገጥም ግራሶ በደንብ ሞላንበት። ግራሶውን ከላይ ብቻ መቀባት አይበቃም። በጣት እየተጫኑ በኳሶቹ መካከል ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚያ ዳዶውን አጠበቅነው፤ ጎማው በቀላሉ እስኪዞር ድረስም ጥቂት መልሰን አላላነው። ዳዶው በመንገድ ላይ እንዳይፈታ የሚቆልፈውን ሽቦ አስገባን። ይህ ሽቦ ትንሽ ነገር ይመስላል። እሱ ከሌለ ግን ጎማው መንገድ ላይ ወልቆ ሊቀር ይችላል።

የተሳሳትንበት ነገር

እስከዚህ ድረስ ሥራችን መልካም ነበር። ከዚያ በሻንሲው ላይ አግዳሚ ብረቶች አስበየድንና የሳንቃ ወለል መታንበት። የወለሉ ርዝመት 2 ሜትር ነው። ሾጣጣውን የፊት ብረት አስቆርጠን፣ በእሱ ፋንታ ከባሕር ዛፍ የተጠረቡ ሁለት ዘንጎች አሰርን። ሁለት ኩንታል ሩዝ በወለሉ ላይ እኩል አድርገን ዘረጋን። የአንዲት አሮጊት ጎረቤታችንን አህያ ተውሰን ጠመድን። ልጆች እያጨበጨቡ ተከተሉን።

አህያዋ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደች። አካሄዷ ከባድ ነበር። ከመንደሩ ወጣ ብሎ አንድ ደረቅ ወንዝ አለ። ወደ ወንዙ ቁልቁል ስንወርድ የፊት ጉልበቷ ታጠፈና ወደቀች። ዘንጉ ተጫናት። እየተረባረብን ፈታናት። ጉልበቷ ተልጧል፤ ጀርባዋም ተፍቋል።

ከመካከላችን አንዱ “ሰነፍ አህያ ናት” አለ። ሌላው “ጭነቱ በዛ” አለ። የአህያዋ ባለቤት ግን ቀረብ ብለው ጋሪውን አዩና፣ “ኧረ እናንተ ሰዎች! ጋሪው እኮ ተቀምጦባታል። እስቲ እሷን ተዉና ዘንጉን በገዛ እጃችሁ አንሡት” አሉን።

አነሣነው። አንድ ጎልማሳ ወገቡን ይዞ፣ አቃስቶ ነው ከመሬት ያስለቀቀው። ያን ጊዜ ሁላችንም አፈርን። የጋሪ ጥቅሙ ሸክሙን ከእንስሳው ጀርባ አውርዶ በጎማ ላይ ማስቀመጡ ነው። እንስሳው ይጎትታል እንጂ አይሸከምም። እኛ ግን ያችን አህያ እንድትጎትትም እንድትሸከምም አድርገናት ነበር።

ስሕተቱ ከየት መጣ?

ስሕተቱ ያለው አክስሉ ካለበት ቦታ ላይ ነው። በጀልባ ተሳቢ ላይ አክስሉ የሚገጠመው ወደ ኋላ ተጠግቶ ነው። ይህ የሠሪው ጥፋት አይደለም። የጀልባ ሞተር የሚንጠለጠለው ከጀልባው ኋላ ነው። ከባዱ ከኋላ ስለሆነ ጎማውም ከኋላ ሆነ። ሠሪው ጎማውን ያደረገው ከከባዱ ነገር ሥር ነው።

እኛ ግን ጀልባ አልጫንንም። የጫንነው ሩዝ ነው፤ ሩዙም በወለሉ ላይ እኩል ተዘርግቷል። እኩል የተዘረጋ ጭነት ክብደቱ የሚያርፈው በወለሉ መካከል ነው። አክስላችን ደግሞ ከወለሉ መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ጭነቱ ከጎማው ወደ ፊት አልፎ በአህያዋ ላይ ወደቀ።

ይህን ለመረዳት አንድ ግንድ በድንጋይ ላይ አጋድማችሁ ሞክሩ። ድንጋዩ ከግንዱ መካከል ሥር ሲሆን ግንዱ ሚዛኑን ይጠብቃል። ድንጋዩን ወደ አንድ ጫፍ ብታስጠጉት ሌላው ጫፍ ይወርዳል። ድንጋዩ አክስል ነው። ግንዱ ጭነት ነው። የሚወርደው ጫፍ ደግሞ ያለው በአህያዋ ጀርባ ላይ ነው።

አሁን በሒሳብ እንየው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የጭነቱን ኪሎ፣ የጭነቱ መካከል ከአክስሉ ወደ ፊት በራቀበት ሴንቲ ሜትር እናባዛለን። የተገኘውን ከአክስሉ እስከ አህያዋ ኮርቻ ላለው ርቀት እናካፍላለን።

ጭነቱ 200 ኪሎ ነበር። ከአክስሉ ወደ ፊት 60 ሴንቲ ሜትር ይርቅ ነበር። ከአክስሉ እስከ ኮርቻው 3 ሜትር፣ ማለት 300 ሴንቲ ሜትር ነው። 200 ሲባዛ በ60፣ 12,000 ይሆናል። 12,000 ለ300 ሲካፈል 40 ይሆናል። እንግዲህ ከጭነቱ 40 ኪሎው በአህያዋ ጀርባ ላይ ነበር ማለት ነው። በዚህ ላይ የብረቱና የሳንቃው የራሱ ክብደት አለ። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ጭነቱ ወደ ፊት ስለሚገፋ ይበልጥ ይከብዳል። ምስኪኗ አህያ ሙሉ ጭነት ተሸክማ ነው ጋሪ ጎትቺ የተባለችው።

አክስሉን ወደ ፊት ማምጣት

መድኃኒቱ አንድ ነው። አክስሉን ወደ ፊት ማምጣት ነው። ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የያዙትን ብሎኖች ፈታን። ብየዳ ቤት ወስደን የባሌስትራውን መያዣዎች 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት አስበየድን። ስለዚህ አክስሉ ከወለሉ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ሆነ።

“ለምን ከመካከሉ ላይ ልክ አላደረጋችሁትም?” የሚል ይኖራል። ልክ መካከል ላይ ቢሆን ሽቅብ ሲወጣ ጭነቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዘንጎቹም ወደ ላይ ይነሡና በሆዷ ሥር ያለው ጠፍር አህያዋን ወደ ላይ ይጎትታታል፤ ያንቃታልም። ስለዚህ ዘንጎቹ ምንጊዜም ጥቂት ወደ ታች ቢጫኑ ይሻላል። ጥቂት ማለት ግን ጥቂት ነው።

እንደ ገና እናስላው። 200 ሲባዛ በ10፣ 2,000 ነው። አክስሉ ወደ ፊት ስለ መጣ እስከ ኮርቻው ያለው ርቀት 250 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። 2,000 ለ250 ሲካፈል 8 ይሆናል። ፊት 40 ኪሎ የነበረው አሁን 8 ኪሎ ሆነ። ጭነቱ ያው ነው፤ አህያዋም ያችው ናት። የተለወጠው አክስሉ ያለበት ቦታ ብቻ ነው።

አክስል ስታዛውሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አክስሉ እንዳይጣመም። ሲባጎ ውሰዱና ከሻንሲው የፊት መካከል እስከ አክስሉ ቀኝ ጫፍ ለኩ። ያንኑ ሲባጎ ወደ ግራው ጫፍ ውሰዱት። ሁለቱ ልክ ለልክ ከሆኑ አክስሉ ቀጥ ብሏል። አንዱ ከበለጠ ግን ጋሪው ምንጊዜም ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። ይህን ከብየዳ በፊት እንጂ ከብየዳ በኋላ መለካት አይረባም።

ዘንጉና መታጠቂያው

ሁለቱ ዘንጎች ከወለሉ ወደ ፊት 1 ሜትር ከ80 ያህል ይወጣሉ። በመካከላቸው ለአንዲት አህያ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ አለ። ለፈረስ ወይም ለበቅሎ ሰፋ ማለት አለበት። የጀልባ ተሳቢ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ አህያዋ ስትጠመድ ወለሉ ደልደል ብሎ እንዲቆም ዘንጎቹን ወደ ፊት ጥቂት ቀና አድርገን አሰርናቸው።

ስለ ቀንበርም እንናገር። አንዳንድ ሰው አህያን በበሬ ቀንበር ይጠምዳል። ይህ ልክ አይደለም። በሬ ሻኛ አለው፤ ቀንበሩን የሚገፋው በሻኛው ነው። አህያ ሻኛ የላትም። አህያ የምትጎትተው በደረቷ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋታል።

የመጀመሪያው የደረት ጠፍር ነው። ወርዱ አንድ መዳፍ ያህል ይሁን። በደረቷ ላይ ይረፍ እንጂ ወደ ጉሮሮዋ አይውጣ፤ ከወጣ ትንፋሿን ያሳጥራታል። ሁለተኛው ዘንጉን የሚሸከመው ትንሽ ኮርቻ ነው። ኮርቻው ግራና ቀኝ ትራስ ይኑረው፤ የጀርባዋን አጥንት አይንካ። ሦስተኛው በታፋዋ ዙሪያ የሚሄደው የኋላ ጠፍር ነው። ቁልቁል ስትወርድ ጋሪው ከኋላ እንዳይገፋትና እግሯን እንዳይመታት የሚይዘው እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ይህ አልነበረንም።

ጠፍሩን ከቆዳ ወይም ከአሮጌ ካላማዳሪያ መሥራት ይቻላል። ከሥሩ ጨርቅ ስፉበት። የናይለን ገመድ ግን በባዶ ገላ ላይ አትሰሩ። ናይለን ገላ ይቆርጣል። በተቆረጠው ላይ ዝንብ ያርፋል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ እንስሳውም ሥራ ያቆማል።

ጋሪያችን ፍሬን የለውም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ከኋላ ገመድ ይዞ ይጎትታል። ጋሪው ሲቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ እናደርጋለን። አህያዋን ከጋሪው ሳንፈታ በፊት ጭነቱ እንዳይገለበጥ ዘንጎቹን በባላ እንደግፋለን።

ከመንቀሳቀስ በፊት

ጭነት ተጭኖ ሲያልቅ፣ አህያዋ ሳትጠመድ፣ አንድ ሰው ዘንጎቹን በእጁ ያነሣል። ሳይጨነቅ ካነሣቸውና ጥቂት ከተጫኑት ጭነቱ ልክ ነው። ካቃሰተ ጭነቱን ወደ ኋላ አሽሹት። ዘንጎቹ በራሳቸው ወደ ላይ ከተነሡ ወደ ፊት አምጡት። ይህን ከማድረግ በፊት ማንም ሰው አህያ እንዳይጠምድ ተስማምተናል።

የጭነቱንም ልክ ወስነናል። ለአንዲት አህያ በደረቅና በደልዳላ መንገድ ከ200 ኪሎ አይበልጥም። ዳገት ወይም አሸዋ ሲሆን ግማሹ ይቀነሳል። ውኃ ስንጭን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሥር እንጭናለን። ሴቶቻችን ለአሥር ጊዜ የሚመላለሱበትን ጋሪው በአንድ ጊዜ ያመጣዋል።

አንድ ወለል፣ ብዙ አገልግሎት

በሌላ አገር እንዲህ ባለ አሮጌ ተሳቢ ላይ ትንሽ የእንጨት ቤት ሠርተው፣ በመኪና እየጎተቱ፣ በመሸባቸው ቦታ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። የሚዛኑ ነገር ለእነሱም ያው ነው። መኪና በሚጎትተው እንዲህ ባለ ተሳቢ ላይ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጁ በመኪናው መጎተቻ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። መኪና ብረት ስለሆነ ይችለዋል። አህያ ግን ብረት አይደለችም፤ ስለዚህ የእሷ ድርሻ ከዚህ በጣም ያንሳል።

እኛም ከዚሁ ሐሳብ አንድ ነገር ወሰድን። በወለሉ ዳርና ዳር ቀዳዳዎች አበጀን። ሸምበቆ አጉብጠን በቀዳዳዎቹ እንተክላለን፤ በላዩም ሸራ እንዘረጋለን። ሥሩ ገለባ በወፍራሙ ይነጠፍበታል፤ በገለባው ላይ ፍራሽ ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን ጋሪው የሕመምተኛ ማመላለሻ ነው። ገበያ ሄደን ከመሸብንም የምናድርበት ጎጆ ይሆናል። ሸምበቆው ሲነቀል ደግሞ ተመልሶ የሩዝ ጋሪ ነው። ሸራውና ፍራሹ ምንጊዜም በአንድ ቤት ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ምጥ ቀጠሮ የለውምና።

መዝገቡና የክረምቱ ጥበቃ

የስድስት ሰው ጋሪ የማንም እንዳይሆን ፈርተን ነበር። ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛን። በደብተሩ ማን በየትኛው ቀን እንደሚወስድ፣ ምን ያህል እንደ ጫነ፣ ምን እንደ ተበላሸ ይጻፋል። ግራሶ የተሞላበት ቀንም ይጻፋል። አንድ ጊዜ ጎማው ተንፍሶ ሲገኝ ጠብ ሊነሣ ነበር። ደብተሩ ተገለጠና ጠቡ በረደ። የሰው አፍ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን አይረሳም። ሕመምተኛ ሲኖር ግን ተራ የለም። ጋሪው የማንም ተራ ቢሆን ለሕመምተኛው ይለቀቃል። ይህም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል።

ክረምት ሲገባ ጋሪው ያርፋል። ጭቃ ውስጥ ጋሪ መጎተት እንስሳውንም አክስሉንም ይጎዳል። አክስሉን በድንጋይ ላይ አንሥተን ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ እናደርጋለን። ከጣሪያ ሥር ይቀመጣል፤ ፀሐይና ዝናብ ጎማውን ይሰነጥቁታልና። መስከረም ላይ ኩሽኔታው ተፈትቶ ይታያል፤ ግራሶውም ይታደሳል።

ባለፈው ጥር ሌላ ጎረቤታችን በሌሊት ምጥ ያዛት። ሸምበቆው ተተከለ፤ ገለባው ተነጠፈ። ያችው ወድቃ የነበረችው አህያ ተጠመደች። ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አስፋልቱ ላይ ደረስን። አምቡላንሱ እዚያ ይጠብቅ ነበር። ቃሬዛ ተሸካሚ አልተፈለገም፤ የሄዱት ባሏ፣ እናቷና አህያዋን የሚስብ አንድ ልጅ ብቻ ናቸው። ወንድ ልጅ ተገላገለች። የአህያዋ ባለቤት ወሬውን ሲሰሙ አስቀድመው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። “ዘንጉን በእጃችሁ አንሥታችሁ አይታችሁ ነበር?” አሉ። አይተን ነበር።

እስቲ እንጠያየቅ

1. የጀልባ ተሳቢ አክስል ወደ ኋላ ተጠግቶ የሚገጠመው ለምንድን ነው?

2. አህያን በበሬ ቀንበር መጥመድ ልክ ያልሆነው ለምንድን ነው?

3. አንድ ጋሪ 150 ኪሎ ተጭኗል። የጭነቱ መካከል ከአክስሉ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይርቃል። ከአክስሉ እስከ ኮርቻው 250 ሴንቲ ሜትር ነው። በአህያዋ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ከጭነቱ ስንት ኪሎ ነው? መልሱ 12 ኪሎ ከሆነላችሁ ሒሳቡ ገብቷችኋል።

4. በመንደራችሁ ተጥሎ የሚዝግ ምን ብረት አለ? ምን ሊሆን እንደሚችል ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።